ማርሽ ስትቀንስ ነዳጁን ማን ይስጥ? ስለ አውቶማቲክ ሬቭ ማች

ማንዋል የነዳ ሰው ይቺን ነገር ያውቃታል። በአራተኛ ማርሽ እየሄድክ ከፊትህ ኩርባ ይመጣል፣ ፍሬን ያዝ ታደርጋለህ፣ ፍሪሲዮን ረግጠህ ወደ ሶስተኛ ትቀንሳለህ፣ ከዛ እግርህን ከፍሪሲዮኑ ላይ ስታነሳ መኪናው ግትር ይልና አንገትህ ወደፊት ይሄዳል፣ አጠገብህ የተቀመጠው ሰውዬ ደሞ ዞር ብሎ "ምነው?" በሚል አይን ያይሃል። የዛሬው ጉዳይ ያቺ ግትር ማለት ናት። አሁን አሁን ከሚወጡት ፈጣን ማንዋል መኪኖች ብዙዎቹ ይሄን ራሳቸው ያስተካክሉታል፣ አንተ ነዳጅ ሳትነካ ማርሽ ስትቀንስ ሞተሩ በራሱ "ቩም" ይልና ፍሪሲዮኑን ስትለቅ ምንም የተፈጠረ ነገር የለም። ስሙ አውቶማቲክ ሬቭ ማች ነው። ሬቭ የሞተር ዙር ነው፣ ማች ማመሳሰል፣ ስለዚ ዙር ማመሳሰል በለው በቃ። ብዙ ሰው ለድምፅ ብቻ የተገጠመ ጌጥ ይመስለዋል፣ ድምፁ ደስ እንደሚል አልክድም፣ ግን ከኋላው ያለው ሂሳብ ነው፣ ያውም የማካፈልና የማባዛት ሂሳብ።

ሂሳቡን በአንድ እውነተኛ መኪና እንየው። ኒሳን 370ዜድን ውሰድ (ለምን እሱን እንደመረጥኩ ወረድ ብዬ እናገራለሁ)። የዚህ መኪና አራተኛ ማርሽ ሬሾ 1.271 ነው፣ ሶስተኛው 1.624፣ ሁለተኛው 2.324። ማለት ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ አንዴ እንዲዞር በአራተኛ ሞተሩ 1.271 ጊዜ መዞር አለበት፣ በሶስተኛ ግን 1.624 ጊዜ። አሁን በአራተኛ በደቂቃ 3000 ዙር እየሄድክ ነው እንበል፣ ፍጥነትህ ወደ 80 ኪሎሜትር አካባቢ ይሆናል። ፍጥነቱ ሳይቀየር ወደ ሶስተኛ ስትገባ ሞተሩ ስንት ዙር ላይ መሆን አለበት? 3000 ሲባዛ በ1.624 ሲካፈል ለ1.271፣ ወደ 3830። አለቀ። ከሶስተኛ ወደ ሁለተኛ ደሞ ልዩነቱ ይሰፋል፣ ያው 3000 ዙር ወደ 4290 መውጣት አለበት።

ችግሩ ምንድነው፣ ፍሪሲዮን ስትረግጥ እግርህ ከነዳጁ ላይ ተነስቷል፣ ስለዚ ሞተሩ ወደ 3830 መውጣት ሲገባው ጭራሽ እየወረደ ነው፣ 2500፣ 2000፣ እንደዛ እያለ። አንተ ፍሪሲዮኑን ስትለቅ በአንድ በኩል 2000 ዙር ላይ ያለ ሞተር አለ፣ በሌላ በኩል ጎማዎቹ "3830 ነው የምንፈልገው" እያሉ ነው። ሁለቱ በግድ እኩል መሆን አለባቸው፣ እና ማን ይሸነፋል? የሚሮጠው መኪና ከሞተሩ በጣም ስለሚከብድ ሞተሩ ተጎትቶ ይወጣል፣ ሞተሩን ለመጎተት የሚሄደው ጉልበት ደሞ ከየት መጣ ካልክ ከመኪናው ፍጥነት ነው የተወሰደው። ግትር የሚለው ለዛ ነው። እስኪመሳሰሉ ድረስ የፍሪሲዮኑ ሸራ እየተፋተገ ይበላል፣ ቀስ ብለህ ብትለቀው ግትሩ ይቀንሳል ግን ፍትጊያው ይረዝማል፣ ያው ከሁለት አንዱን መርጠህ መክፈል ነው።

ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ይሄ ሁሉ ምንም አይደለም። ነገሩ የሚከፋው በፍጥነት እየነዳህ ኩርባ አፍ ላይ ስትደርስ ነው። ፍሬን ስትይዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማዎች ይቀላቸዋል፣ አስፋልቱን የሚይዙበት አቅም ይቀንሳል። መኪናው የሚገፋው በኋላ ጎማ ከሆነ ያ ግትር የሚለው ጉልበት በሙሉ የሚያርፈው እነዛው የቀለላቸው ጎማዎች ላይ ነው። ለአፍታ ቆልፈው ሊንሸራተቱ ይችላሉ፣ መሪህ ደሞ በዛን ሰአት ዞሯል፣ የመኪናው ቂጥ ሊቀድምህ ይፈልጋል ማለት ነው። እርጥብ መንገድ ላይ ከሆነ ደሞ ባትጠይቀኝ ይሻላል።

የሰው ልጅ ለዚህ ያገኘው መፍትሄ አስቂኝ ነው። የግራ እግር ፍሪሲዮን ላይ ነው፣ የቀኝ እግር ፍሬን ላይ ነው፣ ነዳጅ ደሞ መሰጠት አለበት፣ እግር ያለን ሁለት። ስለዚ የውድድር ሹፌሮች የቀኝ እግራቸውን ፊት በፍሬኑ ላይ አሳርፈው በተረከዛቸው ወይ በእግራቸው ጠርዝ ነዳጁን አንዴ ጠቅ ያደርጉታል፣ ፍሬኑ ሳይላላ። ይሄን በቪዲዮ ስታየው ዳንስ ይመስላል፣ ስትሞክረው ግን መጀመሪያ የሚሆነው ነዳጅ ልሰጥ ብለህ ፍሬኑን አብረህ ደፍቀኸው ከመስታወቱ ጋር መሳሳም ነው። እኔ ባዶ ሜዳ ላይ ነው የሞከርኩት እና ጓደኛዬ ቀበቶውን ፈቶ ሁለተኛ ካንተ ጋር አልገባም ብሎ ወረደ። ሌላም ነገር አለ፣ ፔዳሎቹ እኩል ከፍታ ላይ የሚሆኑት ፍሬኑን ጠንክረህ ስትረግጥ ብቻ ነው፣ ከተማ ውስጥ በቀስታ ፍሬን ስትይዝ የፍሬኑ ፔዳል ከነዳጁ በጣም ከፍ ብሎ ስለሚቀር ተረከዝህ አይደርስም። ስለዚ ልምምዱን የምትፈልግበት ቦታ አይመችም፣ የሚመችበት ቦታ ደሞ ስህተት አይፈቅድም።

እኛ አገር የድሮ ከባድ መኪና ሹፌሮች ይሄን በሌላ መልኩ ያውቁታል፣ ሁለቴ ፍሪሲዮን እየረገጡ፣ መሀል ላይ ዜሮ ማርሽ አድርገው ነዳጅ ሰጥተው ነበር የሚቀንሱት፣ ካልሆነ ካምቢዮው እየጮኸ አልቀበልም ይል ነበር። እዚህ ጋ ግን ሰው የሚምታታበት ነገር ስላለ ትንሽ ልቆይበት። ያኔ ካምቢዮ ውስጥ ሲንክሮ የሚባለው ነገር አልነበረም። ሲንክሮ ማለት ማርሹ ከመግባቱ በፊት ተፋትጋ ሁለቱን ጥርሶች እኩል ፍጥነት ላይ የምታመጣ፣ ብዙ ጊዜ ከነሐስ የምትሰራ ቀለበት ናት፣ መኪና ላይ መጀመሪያ ያመጣው ካዲላክ ነው በፈረንጆቹ 1928። እሷ ከመጣች በኋላ ሁለቴ መርገጡ ለተራ መኪና ቀረ።

እና አሁን ብዙ ሰው "ሬቭ ማች ያለው መኪና ካምቢዮው አይጎዳም" ሲል ትሰማለህ። ልክ አይደለም። ኮምፒውተሩ ነዳጁን የሚሰጠው ፍሪሲዮኑ ተረግጦ ባለበት ነው፣ ፍሪሲዮን ከተረገጠ ሞተሩና ካምቢዮው ተለያይተዋል፣ ስለዚ ሞተሩ ቩም ቢል ባይል ካምቢዮ ውስጥ ያለችው ቀለበት ወሬውንም አትሰማም፣ ስራዋን እንደድሮዋ ትሰራለች። ለሷ የሚጠቅማት ዜሮ ማርሽ ላይ ፍሪሲዮኑን ለቀህ ነዳጅ ብትሰጥ ነው፣ ማለትም የድሮ ሹፌሮች ዘዴ። ሬቭ ማች የሚያድነው የፍሪሲዮኑን ሸራ ነው፣ ግትር በሚልበት ጊዜ እስከ ጎማ ድረስ ያለውን ዘንግና ዲፈረንሻል ነው፣ ያንተን አንገት ነው። ማርሽ አልገባ እያለ የሚያስቸግርህ ካምቢዮ ካለህ መፍትሄው ሌላ ቦታ ነው።

እሺ መኪናው እንዴት ነው ይሄን የሚያደርገው። ነዳጅ መስጠቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ድሮ የነዳጅ ፔዳሉ በሽቦ ነበር የአየር ማስገቢያውን ክዳን የሚጎትተው፣ አንተ ካልረገጥክ ማንም አይከፍተውም። አሁን ፔዳሉ ሴንሰር ብቻ ነው፣ ክዳኑን የሚከፍተው ትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተር ነው፣ ኮምፒውተሩ ከፈለገ አንተን ሳይጠይቅ ይከፍተዋል። ፍሪሲዮኑ ላይም ሴንሰር አለ፣ መረገጡን ያውቃል። የመኪናውን ፍጥነት ያውቃል። አሁን በስንተኛ ማርሽ እንደምትሄድ ደሞ ማንም ሳይነግረው የሞተሩን ዙር ከፍጥነቱ ጋር አካፍሎ ሊያውቀው ይችላል።

የማያውቀው ቀጥሎ ወዴት ልትሄድ እንዳሰብክ ነው። በቃ ከባዱ ነገር ይሄ ነው፣ በኔ እይታ የዚህ ቴክኖሎጂ ውበቱም እዚህ ጋ ነው ያለው። አውቶማቲክ መኪና ላይ ይሄ ጥያቄ የለም፣ ማርሹን የሚመርጠው ራሱ ኮምፒውተሩ ስለሆነ መልሱን ቀድሞ ያውቃል፣ ለዛ ነው ፌራሪ በ1997 ኤፍ355 ላይ ከመሪው ጀርባ በጣት የሚቀየር ማርሽ ሲያመጣ ዙር ማመሳሰሉ አብሮ የመጣው። ማንዋል ላይ ግን ውሳኔው ያለው አንተ ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ ኮምፒውተሩ ደሞ የሚያየው እጅህን ብቻ ነው። ከአራተኛ ማርሹን ነቅለህ መሀል ላይ ስታመጣው ወደ ሶስተኛ ነው? ወደ ሁለተኛ ነው? ወይስ ቀይ መብራት አይተህ ዜሮ ልታደርገው ነው?

መልሱን የሚያገኘው የማርሹ ዘንግ ያለበትን ቦታ ከሚያነብ ሴንሰር ነው። ማርሽ ሁለት እንቅስቃሴ ነው ያለው፣ ወደ ጎን ስትወስደው መስመር ትመርጣለህ፣ ወደፊት ወይ ወደኋላ ስትገፋው ከመስመሩ ላይ አንዱን ማርሽ ትመርጣለህ። የሶስትና የአራት መስመር ላይ ሆነህ ወደፊት መግፋት ከጀመርክ ከሶስተኛ ውጪ ሌላ አማራጭ የለም፣ ማርሹ ገና ሳይገባ ኮምፒውተሩ ሂሳቡን ጨርሶ ክዳኑን ከፍቷል። ይሄ ሁሉ የሚያልቀው ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው፣ አንተ የምታውቀው ድምፁን ስትሰማና የዙር ቆጣሪው መርፌ ዘሎ ትክክለኛዋ ቁጥር ላይ ስትቆምልህ ነው። ደሞ ሰው ሁሌ እኩል አይሰጥም፣ አንዳንዴ አብዝቶ አንዳንዴ አሳንሶ ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን 3830 ካለ 3830 ነው።

ይሄን ማንዋል መኪና ላይ መጀመሪያ ለገበያ ያወጣው ኒሳን ነው፣ 370ዜድ ላይ፣ ለዛ ነው በሱ የጀመርኩት። መኪናው በ2008 መጨረሻ ሎስ አንጀለስ ታየና 2009 ሞዴል ሆኖ ተሸጠ፣ ስሙን ሲንክሮሬቭ ማች አሉት፣ ከማርሹ አጠገብ ባለች ኤስ የተፃፈባት በተን ነበር የሚበራው የሚጠፋው። ያኔ ብዙ ማንዋል ወዳጅ "ይሄማ ማጭበርበር ነው" ብሎ ተናደደ፣ ግን ትንሽ ቆይቶ ብዙዎቹ ተከተሉት። ሸቭሮሌት 2014 ሞዴል ኮርቬት ስቲንግሬይ ላይ በሰባት ማርሽ ማንዋል አመጣው፣ እዛ መኪና ላይ ደሞ ማብሪያና ማጥፊያው ከመሪው ጀርባ ያሉት ሁለት መቅዘፊያዎች (በጣት የሚሳቡ ማንሻዎች) ናቸው፣ መጀመሪያ የሚያይ ሰው በነሱ ማርሽ የሚቀየር መስሎት ሲጎትት ምንም አይሆንለትም። ፖርሽ 2015 ላይ በወጣው ካይማን ጂቲ4 የስፖርት በተኗን ስትጫን ይሰራል አለ። ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር ላይ ከ2017ቱ ጀምሮ አለ፣ ሃዩንዳይ የኤን መኪኖቹ መሪ ላይ ሬቭ የምትል በተን አስቀመጠለት፣ ቶዮታ አይኤምቲ ብሎ ጂአር ያሪስና ጂአር ኮሮላ ላይ ብቻ ሳይሆን ለተራ ኮሮላም ሰጥቶታል፣ ያውም የቶዮታው ማርሽ ስትጨምርም ዙሩን ያስተካክላል፣ ከቆምክበት ስትነሳም ሞተሩ እንዳይጠፋብህ ያግዝሃል። ለጀማሪ ሹፌር ይሄ ትልቅ ነገር ነው እኮ፣ ዳገት ላይ ከኋላህ መኪና ተጠግቶህ መኪናህ የጠፋብህ ቀን ትዝ ይበልህ።

ማጥፊያዋ ነገር ቀላል አትምሰልህ። የቢኤምደብሊው ኤም3 እና ኤም4 ባለቤቶች፣ የ2014ቱ ትውልድ ማለቴ ነው፣ በጣም ያማርሩ የነበረው በዚህ ነው፣ ሬቭ ማቹን ለማጥፋት መኪናው እንዳይንሸራተት የሚጠብቀውን ሲስተም ጭምር ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ነበረባቸው። ራሴ ነዳጅ ልስጥ ያለ ሰው መከላከያውን ሁሉ አውልቅ መባሉ ያበሽቃል፣ በኋላ የመጣው ኤም3 ላይ ለብቻው እንዲጠፋ አድርገውታል። በእግርህ እየሰጠህ ኮምፒውተሩም ከሰጠ ሁለታችሁ ትጋጫላችሁ፣ ወይ እሱ ይስራ ወይ አንተ ስራ።

አንድ የማልረሳው ጥያቄ፣ አንድ የአጎቴ ልጅ ነው የጠየቀኝ፣ "ነዳጅ ከሰጠ ታዲያ ሞተሩ እንዴት ፍሬን ይሆናል?" አለኝ። አባይ በረሃን በከባድ ማርሽ የወረደ ሰው ስለሆነ ሞተር እንደሚይዝ ያውቃል፣ እና ነዳጅ መስጠት መያዙን የሚያጠፋው መሰለው። አያጠፋውም። ነዳጁ የሚሰጠው ፍሪሲዮን በተረገጠባት ቅፅበት ብቻ ነው፣ መኪናውን አይገፋም፣ ሞተሩን ብቻ ነው የሚያዞረው። ፍሪሲዮኑን ለቀህ እግርህ ከነዳጅ ላይ ከተነሳ ሞተሩ 3830 ላይ ሆኖ መኪናውን ወደኋላ ይይዛል፣ እንደውም ከፍ ባለ ዙር ላይ ስለሆነ ከአራተኛው በደንብ ነው የሚይዘው። የጠፋው መጀመሪያ ላይ የነበረው ግትር ማለት ብቻ ነው፣ መያዙ አለ።

የማያድንህ ነገር ደሞ አለ፣ እሱን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። በሶስተኛ 6500 ዙር ላይ ነህ፣ 135 ኪሎሜትር አካባቢ፣ ወደ አራተኛ ልትጨምር ማርሹን ወደኋላ ስትስበው በችኮላ ወደራስህ ጠጋ አድርገኸው ሁለተኛ ውስጥ ገባ። አራተኛ ቢገባ ኖሮ ሞተሩ ወደ 5090 ይወርድ ነበር፣ ሁለተኛ ስለገባ ግን ሂሳቡ 9300 ነው የሚለው፣ የዚህ ሞተር ቀይ መስመር (ከዛ በላይ መዞር የሌለበት ልክ) ደሞ 7500 ላይ ነው። "ሞተሩ መገደቢያ አለው አይደል እንዴ?" ትል ይሆናል። አለው፣ ግን መገደቢያው የሚሰራው ነዳጅ በመቁረጥ ነው፣ እዚህ ጋ ደሞ ሞተሩን የሚያዞረው ነዳጅ አይደለም፣ ጎማዎቹ ናቸው፣ የሚሮጠው መኪና በሙሉ ክብደቱ እየጎተተው ነው። ቫልቮቹ ተመልሰው ሳይዘጉ ፒስተን ይደርስባቸዋል፣ ቢየላ (ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ሊሰበር ይችላል። ኮምፒውተሩ እጅህን አይቶ ነው የሚከተልህ፣ የተሳሳተውን ማርሽ ከመረጥክ አይመልስህም፣ ፍሪሲዮኑን እንዳትለቅ የሚከለክልህ የለም። ስለዚ "ይሄ መኪና ሬቭ ማች አለው፣ ሞተሩ አይበላሽም" ብሎ ያገለገለ መኪና የሚሸጥልህን ሰው በጥርጣሬ እየው።

ማጭበርበር ነው አይደለም የሚለው ክርክር ላይ የኔ ሀሳብ እንዲህ ነው። በየቀኑ ትራፊክ ውስጥ የሚነዳ ሰው ቢያበራው ምን ነውር አለው፣ ሲንክሮም እኮ በጊዜው የሹፌርን ችሎታ የወሰደች ነገር ናት፣ ዛሬ ግን ማንም ሲንክሮ የሌለው ካምቢዮ ይመለስልኝ ሲል አልሰማሁም። በሌላ በኩል ማዝዳ ኤምኤክስ5 እና ቶዮታ ጂአር86 ያለዚህ ነገር ነው የሚሸጡት፣ ብዙ ሰው ደሞ ለዛ ብሎ ይወዳቸዋል። የሬቭ ማች መኪና ለአመታት ነድተህ እነዚህ ላይ ስትወጣ እግርህ ምን ያህል እንደሰነፈ በመጀመሪያው ኩርባ ታውቀዋለህ። ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው። አብዛኛው ኤሌክትሪክ መኪና የሚቀየር ማርሽ የለውም፣ ኢትዮጵያም ከ2024 ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለከለከለች ይሄ ፅሁፍ ለአዲስ አበባ አንባቢ ታሪክ ሊሆን ምንም አልቀረው፣ ሃዩንዳይ ግን አዮኒክ 5 ኤን የሚባለው ኤሌክትሪክ መኪናው ላይ የሌለ ማርሽ እንደሚቀየር የሚያስመስል ነገር ገጠመ፣ ከነድምፁ፣ ከነመንገጫገጩ። እዚህ ስንት መሃንዲስ ተጨንቆ ያጠፋትን ነገር እዛ በሶፍትዌር ይመልሷታል።

ሬቭ ማች የሌለው ተራ ማንዋል ይዘህ ነገሩን በራስህ ማየት ከፈለክ ደሞ ተረከዝ ምናምን ውስጥ አትግባ። ባዶና ቀጥ ያለ መንገድ ፈልግ፣ ፍሬን አትያዝ፣ በአራተኛ 2500 አካባቢ እየሄድክ ፍሪሲዮን ርገጥ፣ እጅህ ማርሹን ወደ ሶስተኛ እየወሰደ ቀኝ እግርህ ነዳጁን አንዴ ጠቅ ያድርግና ይልቀቅ፣ መርፌዋ 3200 አካባቢ (እንደ መኪናህ የማርሽ ሬሾ ይለያያል) ስትደርስ ፍሪሲዮኑን ልቀቅ። መጀመሪያ ታበዛለህ፣ መኪናው ወደፊት ይዘላል፣ ቀጥሎ ታሳንሳለህ፣ ግትር ይላል። አጠገብህ የተቀመጠው ሰው መቀየርህን ሳያውቅ ወሬውን ከቀጠለ ያኔ ገብቶልሃል።